የሲስተር ሉፔ እናት ሰደቃ

ባለፈው ወር አዲስ አበባ፣ ልጄ ሰሚራ ዘንድ ከርሜ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ «እማ፣ ተነሺ ልበሺ፤ ዛሬ ዕድሜሽን ሙሉ ቀምሰሽው የማታውቂውን ምግብ ነው የማበላሽ» አለችኝና ቦሌ አካባቢ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ ቤት ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ሰፋፊ ባርኔጣ ተሰቅሏል፤ ወንበሩ እንደ ሕፃናት መዋያ ቀይና ቢጫ ነው፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ሰሚራ ሥጋው የእስላም መሆኑን ደጋግማ ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ አዘዘች። ታኮ የሚሉት በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ ሲመጣ አስተናጋጁ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳየኝ ጎንበስ አለ። እኔ ግን ቀደምኩት። አንዱን በሦስት ጣቴ አነሣሁና ምግቡን ቀጥ አድርጌ፣ አንገቴን ወደ ጎን አዘንብዬ ገመጥኩ። ምግቡን ያዘነበለ ሰው መረቁን ደረቱ ላይ ያፈሰዋል፤ መዘንበል ያለበት አንገት ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እማማ፣ ሜክሲኮ ኖረው ያውቃሉ እንዴ?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ እኔ የኖርኩት ጎባ ነው» አልኩት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከትኩሱ የበቆሎ ቂጣ የሚወጣው ሽታ ልቤን ወስዶት ነበር።

ሰሚራ አላመነችኝም። «በደርግ ጊዜ? ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት ዘመን ጎባ ላይ ታኮ?» አለች። የዛሬ ልጆች ዓለም የተፈጠረችው ስልካቸው የተከፈተ ቀን ይመስላቸዋል። ታኮ የሚለውን ቃል እኔ የሰማሁት እሷ ሳትወለድ፣ አባቷንም ሳላውቀው ነው። እንዲያውም ያ የቦሌው ቤት ያቀረበልን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ የሽንብራ ዱቄት የመሰለ ቢጫ አይብ የተነሰነሰበት፣ በርበሬው ስኳር የገባበት ይመስል የሚጣፍጥ ነገር ነው። ይህን ምግብ ያሳወቀችኝ ሲስተር ሉፔ ብታየው «ይሄ የማን ነው?» ትል ነበር። ቂጣው ብቻ ቂጣው ነበር።

ያኔ ጎባ የባሌ ዋና ከተማ ነበረች። ሮቤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆቴሉ፣ ባጃጁ ሁሉ እሷ ዘንድ ሄዶ ኮርታብናለች እንጂ፣ በኛ ጊዜ ጋሪ የሚርመሰመስባት የስንዴ ገበያ ነበረች፤ ሰው ልብስ ሊያሰፋ፣ ሊታከም፣ ፎቶ ሊነሣ ወደ ጎባ ነበር የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሳነቴ አምባ ወርዶ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይተኛና የሚመጣውን ሰው በጫማው ድምፅ ነበር የምንለየው። ካጠገባችን የነበረው ባለ ካሴት ቤት በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ የሐረርን የኦሮምኛ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ካሴቱ ሲነክስ በእስክርቢቶ ያጠነጥነዋል፤ እኛም እስኪያጠነጥን ቆመን እንጠብቃለን። ሰፊ ሱሪ ጎባ የሚደርሰው አዲስ አበባ ላይ ካለፈበት በኋላ ነው፤ ቢሆንም ከደረሰ ማን ይቀድመናል! እኔም ባለ አበባ ናይለን ሻርፕ ነበረችኝ፤ ከፀጉሬ በላይ የምሳሳላት። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም፤ አንድ ብር በእጇ የያዘች ልጅ የሀብታም ልጅ ናት። ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ስብሰባም አለ። ስለ ስብሰባው አታስወሩኝ፤ ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የማስታውሰው ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ከነጠላዋ ሥር ታቀብለኝ የነበረውን የገብስ ቆሎ ብቻ ነው።

እኔ ሆዳም ነበርኩ። እናቴ፣ አዴ ሩቂያ፣ የበርበሬና የቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ስለኔ ሲጠይቋት «ራህማ አፏን የዘጋችበት ነገር ቢኖር የመድኃኒት ሽሮፕ ብቻ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው። የተጠበሰ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበትን ጩኮ ከሽማግሌዎች ጋር ስፎካከር አድጌአለሁ፤ ቡና በቅቤ ተጠብሶ ከነፍሬው ሲበላ ጥርሴን አላመመኝም፤ የሪራ ሰዎች ማር ይዘው ሲመጡ ሌላው ሰፈፉን ሲተፋ እኔ ከነእጩ ነበር የማኝከው። ሮቤ ጋሪ መቆሚያው ጋ አንዲት ሴት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጥ ነበር፤ ለሷ ድንች ብዬ ብቻ ውይይት ታክሲ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገፋፍቼ ሮቤ ደርሼ መጥቻለሁ። የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለን የጾም ስልጆ ሳይቀር ጠርጌ የምበላው እኔ ነኝ። ሥጋ ሲሆን ግን እቆማለሁ። ሥጋ ላይ ቢላዋውን የያዘው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አፌ አይከፈትም፤ እትዬ አስካለም እንደዚያው። አንድ አጥር ተካፍለን፣ እሳት ተለዋውጠን፣ ልጅ ተሸካክመን ስንኖር ሥጋ አንድ ቀን እንኳ ተሻግሮ አያውቅም። በዚህ የተነሣ የተጣላ ሰው አላየሁም። ድግስ ከሆነ ሁለት ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ በቃ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ለሰው እንደማይነገር ሁሉ ይሄም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ሉፔ የመጣችው ከኩባ ሐኪሞች ጋር ነው። እኔ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስሠራ እሷ ነርስ ነበረች። ትውልዷ ግን ኩባ አይደለም፤ ኩባዊ አግብታ ሀገሩ የገባች የሜክሲኮ ሰው ናት። ይህን ስትናገር የጎባ ሰው ግራ ይገባዋል። «ሜክሲኮ? አዲስ አበባ ያለው አደባባይ?» ይላታል፤ እሷም መጨቃጨቅ ሲሰለቻት «አዎ፣ እሱ ጋ» ማለት ጀመረች። አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉሯን ሁለት ጉንጉን የምትሠራ ሴት ናት፤ ነጩን ጋዋን ብታወልቅና ሻርፕ ብታስር የዶሎ መና ሴት ናት ብለው ይምሉላታል። ሐኪሞቹ የሚኖሩበት ግቢ ከኛ ቤት አጥር ለአጥር ስለነበር ማታ ማታ እናቴ ጋ ትመጣለች። አማርኛዋን ከነኦሮምኛው ከኛ ቤት ነው የለቀመችው፤ ግሥ ማርባት የሚባል ነገር ስለማትወድ ከኔ በቀር የሚረዳት ብዙ ሰው አልነበረም። ወሬዋም አንድ ነው፣ ምግብ። እናቷ በከተማቸው መንገድ ዳር፣ ማዕዘን ላይ፣ ብረት ምጣድ ጥዳ የበቆሎ ቂጣ በሥጋና በበርበሬ ጠቅልላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «እናቴ መንገድ ላይ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይበላል። ዳኛ ቆሞ፣ ሾፌር ቆሞ» ትለናለች። እናቴ ታዝንላታለች። ለኛ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ማኘክ ከዕብደት የሚቆጠር ነው። «ምስኪን፣ ሀገራቸው ወንበር የለም ማለት ነው» ትለኝ ነበር በጆሮዬ።

ያንን ቂጣ ለማየት ያለኝ ጉጉት እንቅልፍ ነሣኝ። ጎባ የገብስ ሀገር ናት፤ በቆሎ የሚመጣው ከታች ከዶሎ መና ቆላ ነው፣ የሃረናን ጫካ አቋርጦ በጭነት መኪና። አንድ ቀን አንድ ቁና ገዝቼ ሰጠኋት። ምን ብታደርገው ጥሩ ነው? ከምድጃችን ጥሩ ነጭ አመድ ነፍታ፣ በውኃ በጥብጣ በቆሎውን እዚያ ውስጥ ቀቀለችው! እትዬ አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ «ኧረ እመቤቴ! እህል በአመድ! ይቺ ሴትዮ መድኃኒት ልታደርግብሽ ነው» አለችኝ። አመዱ ልጣጩን አቅልጦ ሲያወጣውና በቆሎው እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ሲታጠብ ግን እሷው ራሷ አጥሩን ዞራ መጣች። የመኪና ወፍጮው እርጥብ እህል አልፈጭም አለ። ከዚያ ሉፔ ጓዳችን ጥግ የእናቴን የድንጋይ ወፍጮና መጁን አየች፤ ተንበርክካ አቀፈችው። ድንጋዩን ነው የምላችሁ፤ አቀፈችው። «እናቴ ይሄ አላት» አለች። የበርሜል ክዳን ፈግፍጋ አጥባ እሳት ላይ ጣደች፣ ሊጡን በመዳፏ እያጨበጨበች ጠፍጥፋ አነጠፈችበት፣ ቂጣው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ተነፋ። በጨው ብቻ ነው ያቀመሰችኝ። የቀመስኩትን ልንገራችሁ ብል ቃል የለኝም፤ ዝናብ የመታው ደረቅ አፈር ሽታው ደስ እንደሚል፣ እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ በሳምንት በሳምንቱ እንጋግር ነበር፤ መረቅ እንዳይፈስ አንገት አዘንብሎ መግመጥንም በባዶው ቂጣ አስተማረችኝ። በሥጋ የተሠራውን ግን ገና አልቀመስኩም፤ «አንድ ቀን ትልቅ ቀን ሲሆን እንደ እናቴ እሠራለሁ» ትለኛለች፤ እኔም ያን ትልቅ ቀን እንደ ሠርግ እጠብቃለሁ።

ትልቁ ቀን የመጣው በመርዶ ነው። እናቷ ሞተች። እኛ ሀገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሳይበላ በማለዳ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ይዞት ነው የሚነገረው። ሉፔን ግን አንዱ ባልደረባዋ ስልክ መጥቶ ነው ብሎ ኮሪደር ላይ በምሳ ሰዓት ነገራት። እጇ ላይ የመድኃኒት ትሪ ነበር። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ መድኃኒቱን ለበሽተኞቹ አደለች፣ ከዚያ ካርድ ክፍል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መቅበር እንኳ አልደረሰችም፤ ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል። ያን ማታ እናቴ ምንጣፋችንን ተሸክማ ግቢያቸው ገባችና መሬት ላይ አነጠፈችው። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። ሠፈሩ ተራ በተራ መጣ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ኩባዎቹ ወንዶች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው በሩ ላይ ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ። በሦስተኛው ቀን ሉፔ ጠየቀችን። «እናንተ እናት ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ? ከማልቀስ ቀጥሎ?»

«ይበላላታል» አለች እናቴ። «ሰደቃ ይወጣል። ሰው በልቶ ዱዓ ያደርጋል።»

«እኛም ተዝካር እናወጣለን» አለች እትዬ አስካለ። «አርባዋ ሲደርስ። ያልተበላለት ሰው ምኑ ሰው ነው?»

ሉፔ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። የምትሠራው ነገር ያገኘች ሰው ፊት ነበር። «በአርባው እኔ አበላለሁ» አለች። «የእናቴን ምግብ። መንገድ ላይ። ሰው ሁሉ።» ስንቱን ቀን ለዚያ ቀን ስትሰናዳ ከረመች መሰላችሁ! ለሕዝብ መሰብሰቢያ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ያኔ ተዝካር አባካኝ ድግስ ነው ይባል ስለነበር ሊቀመንበሩ አስቦ አስቦ «ለጓድ ሐኪሞች የወዳጅነት ዝግጅት ከሆነ» ብሎ ፈቀደ። የመና በቆሎ በጆንያ መጣ። የቅመም ገበያውን እኔና እናቴ አገላበጥነው። የድንብላሉን ቅጠል ስትፈልግ ገበሬዎቹ ሳቁባት፤ ያኔ ማን ቅጠሉን ይበላዋል፣ ለፍየል ነው የሚጣለው። ስለ ሥጋው እኔው ራሴ በደንብ አስረዳኋት፤ እስላም የእስላሙን፣ ክርስቲያን የክርስቲያኑን ነው የሚበላው አልኳት። «ገባኝ፣ ገባኝ። ሁለት ሥጋ ቤት። ማንም አይቀርም» አለችኝ። የኔም ጭንቀት በዚያው አለቀ።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ ጾምም ረመዳንም ያልሆነበት ወቅት። ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ጎባ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ደግ ይሆናል። ሉፔ ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ሦስት ጉልቻ ላይ የበርሜል ክዳኗን ጣደች። ከጎኗ በገበቴ ሙሉ ሊጥ፣ በሳህን ቀይ የበርበሬ ድልህ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ያ የፍየል ቅጠል፣ ሎሚ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ድስት። አቤት የዚያ ድስት ሽታ! ሥጋው ደቅቆ ተከትፎ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በሎሚ ታሽቶ ነው የተጠበሰው፤ ሠፈሩን ሽታው ጠርቶ አመጣው። ከሮቤ በጋሪ የመጡ ያከመቻቸው ሰዎች አሉ፣ የገበያ ሴቶች አሉ፣ ሊቀመንበሩ በካኪ ልብሱ አለ። የሠፈራችን ትልቅ ሰው ሀጂ ከድር ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። ሁሉም መንገድ ላይ ቆሞ መብላቱ አሳፍሮት እርስ በርሱ ይሣሣቃል፤ ለእናቷ ሲባል ግን ሊያደርገው መጥቷል። እኔ ከእሳቱ አጠገብ ነኝ፤ ምራቄን ውጬ ውጬ ጉሮሮዬ ደርቋል።

ሀጂ ከድር ድስቱን አዩ፣ ዙሪያውንም አዩ። «ልጄ፣ ከን ኬኛ ኢሳ ከም?» አሏት፤ የኛ የቱ ነው ማለታቸው ነው።

ሉፔ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ፊቷ በራ። ጭልፋውን አነሣች። «ይሄ! ሁሉም! ግማሽ የእስላም ሥጋ ቤት፣ ግማሽ የክርስቲያን ሥጋ ቤት። እኩል፣ እኩል። አንድ ላይ። ማንም አልቀረም!»

 የካሴት ቤቱ ዘፈን ብቻ ይሰማል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ማንም እንዳይቀርባት ብላ ማንም የማይበላውን ሥጋ ሠራች። አንድ ሰው እንኳ ወደ ቤቱ ፊቱን አላዞረም፤ እንዲህ ያለውን ነውር ማን ይደፍራል? እጁን የዘረጋም አንድ ሰው የለም። ሀጂ ከድር ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እትዬ አስካለ ቀስ ብላ «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጨጓራዬ…» ማለት ጀመረች። የገበያዋ ሴትዮ ቁርስ አብዝታ እንደነበር ትዝ አላት። ሊቀመንበሩ የካኪውን ቁልፍ ይነካካል። ሉፔ አንዱን ቂጣ ጠቅልላ ዘርግታለች፤ የሚቀበላት የለም፤ እጇ እንደተዘረጋ መረቁ በክንዷ ወረደ። እሷ ለራሷ የመሰላት ሌላ ነው። «መንገድ ስለሆነ ነው? ቆሞ ስለሆነ?» አለችኝ ወደኔ ዞራ። «ወንበር ላምጣ?»

መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አማርኛዋን የማውቀው እኔ ነኛ። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። አንዱ ከአንዱ ከተነካካ ለሁለቱም እንደማይሆን፣ ሁልጊዜ ሁለት ድስት እንደሚጣድ፣ የሰዎቹ ንቀት እንዳይመስላት።  ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ የተናገረችው አማርኛ ያለ ምንም ስሕተት የተነገረ ነበር። «እንግዲህ ለእናቴ ማንም አይበላላትም።»

 እውነቴን ነው፣ ሥጋውን ልብላላት ብዬ አስቤአለሁ፤ እጄም ተንቀሳቅሶ ይሆናል። እናቴ ግን ከሴቶቹ መሃል እየገፋች መጣች። እናቴ ችግር ሲገጥማት የምትቆጣ ሴት ናት። የበርሜሉን ክዳን አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ባዶ ቂጣዎች እየተነፉ ነበር። «ይሄ ቂጣ ሥጋ ነክቶታል?» አለች በቁጣ።

«አልነካም» አለች ሉፔ።

«እሳቱስ? ሊጡስ? ይሄ ብረትስ?»

«አልነካም፣ አዴ ሩቂያ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እናትሽ ያን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ቆማ ስትሸጥ ለሥጋ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው መጥቶባት አያውቅም? በባዶ ሆዱ ነበር የምትመልሰው?»

 ሉፔ ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ቂጣ አነሣችና እያቃጠላት በመዳፎቿ መሃል አገላበጠችው። «ልጆች ይመጣሉ» አለች። «እናታቸው ቂጣ ግዛ ብላ ትልካለች። ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይርባቸዋል። እናቴ አንድ አንድ ትሰጣለች። በነጻ። በጨው ትጠቀልላለች። በጨው ብቻ።»

«ሰማችሁ?» አለች እናቴ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «የሴትዮዋ ምጽዋት በጨው ነበር። ጨው ያለው ሰው ያምጣ!»

ሀጂ ከድር ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «ወላሂ፣ ጨው አራጅ የለውም» አሉ። ይህን ጊዜ ሰው ተንቀሳቀሰ። ከእትዬ አስካለ ቤት በቅል መጣ፣ ከኛ ቤት በጣሳ፣ ከባለ ካሴቱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ድንጋይ ጨው አወጡ። ድስቱን ኩባዎቹ ወንዶች ተሸክመው ወደ ግቢ አስገቡት፤ ማታውን አጥንት እስኪልሱ እንደበሉት ሰምቻለሁ፣ ለነሱ ግዴለም። ሉፔ መዳፏን እያጨበጨበች መጠፍጠፍ ጀመረች፣ እኔ አገላብጣለሁ፣ እናቴ ጨው ነስንሳ ጠቅልላ ታድላለች። ሥጋ ያልነካውን ድልህና የፍየሉን ቅጠልም የሚደፍር ደፈረው፤ ሊቀመንበሩ ደፍሮ እንባው ዓይኑን ሞላው። እትዬ አስካለ የጨጓራዋን ነገር ረስታ ሦስት በላች። ሀጂ ከድር ቆሞ መብላት ሱናው አይደለም ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሌላው ሁሉ፣ የተከበረውም ያልተከበረውም፣ በጎባ ዋና መንገድ ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ አኘከ። እኔ ዕድሜዬን እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

በመሃል እትዬ አስካለ «ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ኮንሱኤሎ ነው ስሟ። እትዬ አስካለ ሁለት ጊዜ ሞክራ በሦስተኛው እንደምንም አወጣችውና «ኮንሱኤሎን ነፍስ ይማር» አለች፤ ሰውም «ነፍስ ይማር» አለ። ሀጂ ከድር መዳፋቸውን ከፍተው ስለ ልጇ ዱዓ አደረጉ፣ በሰው ሀገር እናቷን ያልረሳች ልጅ አላህ ይጠብቃት፣ ሀገሯ በሰላም ያግባት አሉ፤ «አሚን» አልን። ሉፔ አንገቷን ደፍታ ቂጣ ታገላብጣለች። አንዳንዴ እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። እናቴ የለችም፣ ሀጂ የሉም፣ እትዬ አስካለ ልጆቿ ወደ ደብረ ብርሃን ወስደዋት እዚያው አረፈች ሲሉ ሰምቼ ሄጄ ለቅሶዋን ደርሻለሁ። ሉፔ ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ጊዜዋን ጨርሳ ሄደች። የት እንዳለች፣ ትኑር አትኑር፣ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሊጡ አለቀ። የመጨረሻዋን ቂጣ ዘግይቶ ለደረሰ ባለ ጋሪ ሰጥታ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እናቴ የጨው ጣሳውን ይዛ ቆማ «አንቺስ?» አለቻት።

«እኔ ምን?»

«ሰው ሁሉ ለእናትሽ በላ። አንቺ ለእናትሽ ምን በላሽ?»

ሉፔ ገበቴውን አየች። ባዶ ነው። ብረቱም ላይ ካረረ ፍርፋሪ በቀር ምንም የለም። ከማለዳ ጀምሮ ስትጠፈጥፍ አንዲት ቁራሽ አልቀመሰችም። ባለ ጋሪው ይህን ሲሰማ ሊጎርሳት የነበረችውን ቂጣ ከአፉ መልሶ ለሁለት ቆረሳት። እትዬ አስካለ እጇ ላይ ከቀረችው ቆረሰች። መንገዱ ዳር የሚያኝከው ሁሉ፣ በእጁ ላይ የተረፈ ያለው ሁሉ፣ ቁራሹን ይዞ ወደሷ መጣ። ሀጂ ከድር ከድንጋያቸው ተነሥተው የጥፍር ታህል ቁራሽ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀረቡ። ከየእጁ እየተቀበለች ጎረሰች። አላመጠች። አገጯ ላይ እንባዋ እየወረደ አላመጠች።

«ጨው በዛ» አለች በመጨረሻ። «ሁላችሁም ብዙ ጨው አደረጋችሁ። እናቴ ትንሽ ነው የምታደርገው።»

«እንግዲህ ቻይው» አለቻት እናቴ፣ ሌላ ቁራሽ አፏ ላይ እየደቀነች። «ኛዹ። ብዪ ልጄ።»